ስለ ከፋ ወንዞች ዓሣና ስለ ቆቅ አደን ሥርዓት

ስለ እርሻ በሚጻፍበት ገጽ ላይ ስለ ዓሣ መንጠቆና ስለ ወፍ አዳኝ ውሻ መጻፍ ለአንዳንድ ሹም የሥራ ፈት ወሬ ይመስለው ይሆናል። ቡናው፣ ማሩ፣ እንሰቱ፣ ከብቱ ሳለ ስለ ጨዋታ መናገር ምን ይጠቅማል ይል ይሆናል። ነገር ግን ከወንዝና ከዱር ምን ያህል ይወሰድ፣ በምን መሣሪያ ይወሰድ፣ ማንስ ይውሰድ የሚለው ነገር ከእርሻ አስተዳደር ተነጥሎ የሚቆም አይደለም። ይልቁንም እንደ ከፋ ባለው አገር፣ ደኑ የቡናው ጥላ፣ ወንዙም የሰውና የከብት መጠጥ በሆነበት፣ ዓሣ የሚያጠምደው እጅ ውሃውን ይነካል፤ ቆቅ የሚያድነውም እጅ ጫካውን ይነካል።

የከፋ ምድር ውሃ የሞላበት መሆኑ የታወቀ ነው። ቦንጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ፣ ደን በለበሱ ኮረብቶች መካከል ተቀምጣለች። በአጠገቧ ዲንቻ ይወርዳል፤ በስተሰሜን ጎጀብ ይፈሳል፤ ጎጀብም ከኦሞ ጋር ተቀላቅሎ እስከ ቱርካና ሐይቅ ይደርሳል። ከየሸንተረሩ ሥር የሚመነጨው ስም የሌለው ጅረትማ ተቆጥሮ አያልቅም። ይህ አገር በ2002 ዓ.ም. 760,000 ሄክታር ያህል ስፋት ይዞ በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ዘንድ ባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዘገበ። በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በተመሠረተ ጊዜም ቦንጋ ከክልሉ መቀመጫ ከተሞች አንዷ ሆነች። የዱር ቡናና የዱር ማር ለማየት እንግዳ የሚመጣበት አገር ስለ ሆነ፣ ነገ ደግሞ በተራራ ጅረት ዓሣ ማጥመድና በውሻ ወፍ ማደን ያማረው እንግዳ ቢመጣ፣ ሹሙ ለጥያቄው መልስ አዘጋጅቶ መቆየት ይገባዋል። እንግዳው ባይመጣም መልሱ ለአገሬው ራሱ ያስፈልገዋል።

በውጭ አገር በተራራ ጅረት ላይ ዓሣ ማጥመድ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። አጥማጁ በመንጠቆው ላይ ትል ወይም ሥጋ አይሰካም። ላባና ክር በትንሽ መንጠቆ ላይ ጠምጥሞ፣ ከውሃው ፊት የምትነሣውን በራሪ ተባይ ያስመስላል። ከዚያም በረጅምና በሚተጣጠፍ ዘንግ ሲባጎውን ወደ ኋላና ወደ ፊት እያወናጨፈ፣ ያችን ሐሰተኛ ዝንብ እንደ ረገፈች ቅጠል በውሃው ላይ ያሳርፋታል፤ ዓሣው ሊውጣት ሲነሣ ይያዛል። ነገሩ የትናንት ፈሊጥ አይደለም። በሮማውያን ዘመን የነበረው ጸሐፊ ኤልያን፣ የመቄዶንያ ሰዎች በመንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍና ላባ እያሰሩ እንዲህ ያጠምዱ እንደ ነበር ከ1,800 ዓመት በፊት ጽፎአል። በእንግሊዝም አይዛክ ዋልተን ስለ ዓሣ ማጥመድ የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1653 ታትሞ እስከ ዛሬ ይነበባል።

ለአገር አስተዳዳሪ ከዚህ ጥበብ የሚጠቅመው ላባው ወይም ዘንጉ አይደለም። የሚጠቅመው ሁለት ነገር ነው። አጥማጁ የትኛዋ ተባይ በየትኛው ወር ከድንጋይ ሥር እንደምትወጣ ጠንቅቆ ማወቅ ግድ ስለሚሆንበት፣ ውሃው ሲበላሽና ተባይዋ ስትጠፋ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው እርሱ ነው፤ ያለ ደመወዝ የተሾመ የወንዝ ጠባቂ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ደግሞም የሚይዘው አንድ በአንድ ስለ ሆነ፣ ያልደረሰውን አይቶ መልሶ መልቀቅ ይቻለዋል። ዓሣ በሌላ ብልሃት የሚይዝ ሁሉ በዚህ ሚዛን ይመዘን።

በኢትዮጵያ ይህ ጨዋታ የታወቀው በባሌ ነው። ትራውት የሚባለው የብርድ አገር ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1905 ከስኮትላንድ ወደ ኬንያ ገባ፤ ከኬንያም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ መጥቶ በባሌ ተራሮች በዌብና በዳንካ ወንዞች ተለቀቀ፤ በዚያም ረባ። ይህን የሰማ የከፋ ሹም «ለእኛም ትራውት ይምጣልን» ብሎ ማመልከቻ ለመጻፍ ቢያስብ፣ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት የውሃውን ሙቀት ያስለካ። ትራውት የሚኖረው በቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ሲያልፍ ይጨነቃል። የባሌ ወንዞች ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ከውርጭ ምድር የሚወርዱ ናቸው፤ የከፋ ወንዝ ግን ወደ ጎጀብ በረሓ በወረደ መጠን እየሞቀ ይሄዳል። ውሃው በሚቀዘቅዝበት በላይኛው ደጋ ቢለቀቅም ሌላ መከራ አለ። ትራውት ሥጋ በል ስለ ሆነ የአገሩን ትንንሽ ዓሣ፣ የእንቁራሪቱን ልጅና የውሃውን ተባይ ይበላል፤ አንድ ጊዜ ወንዝ ውስጥ ከገባ በኋላም ለቅሞ የሚያወጣው ሰው አይገኝም። ለሃያ እንግዳ ደስታ ሲባል ወንዝን የማይመለስ ነገር ውስጥ መክተት የብልህ አስተዳደር አይደለም።

ደግሞስ ምን ጎድሎ? የኦሞ ወንዝ ገባሮች የየራሳቸው ዓሣ አላቸው። ጎድጓዳና ዝግ ባለው ውሃ አምባዛ ይገኛል፤ በሚፈሰው ውሃ ውስጥ ደግሞ ቅርፊቱ የሚያበራ፣ በአፉ ዳር ጢም ያለው፣ ጉልበተኛው ነጭ ዓሣ አለ። ይህ ነጭ ዓሣ ከድንጋይ ሥር የሚወጣውን ተባይ ስለሚበላ የላባ ዝንብም ይነሣላታል። በደቡብ አፍሪካ በቫልና በኦሬንጅ ወንዞች የዚሁ ወገን የሆነ ዓሣ ስላለ፣ ከትራውት ይልቅ እርሱን በላባ መንጠቆ ለመያዝ የሚተጉ አጥማጆች ብዙ ናቸው። እንግዲህ ከፋ ከሩቅ አገር ዓሣ ማስመጣት አያሻውም። የሚያሻው ያለውን እንዳይገድሉበት መጠበቅ ነው፤ የዚህም ጽሕፈት ዋና ነገር ይኸው ነው።

ብርብራ በከፋ የታወቀ ዛፍ ነው። ለቡና ጥላ ይሆናል፤ አፈሩን ያለማል፤ አበባውንም ንብ ይቀስመዋል። ዛፉ አልበደለም። በደሉ በፍሬው ላይ የሚሠራው ሥራ ነው። በብዙ የኢትዮጵያ ወንዞች ከጥንት ጀምሮ እንደሚደረገው፣ ፍሬው ደርቆ በሙቀጫ ይወቀጣል፤ ዱቄቱ በጆንያ ወይም በቅርጫት ተደርጎ ከኩሬው በላይ ውሃው ውስጥ ይታሻል። ውሃው ነጣ ብሎ አረፋ ይሰራል። ጥቂት ቆይቶ ዓሣው አየር እንዳጣ ሰው አፉን እየከፈተ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ በጎኑ ይተኛል፤ ሆዱም ወደ ሰማይ ይገለበጣል። በዳር የቆሙት ሰዎች ትልልቁን በቅርጫት ይለቅማሉ። እንደ ጣት የቀጠነው፣ ለመብል የማይሆነው፣ ወንዙ ይወስደዋል፤ ወይም በድንጋይ መካከል ተወትፎ ይሸታል።

የፍሬው ኃይል ሮቴኖን ከሚባል ንጥረ ነገር የመጣ ነው። ይህ ነገር በዓሣው ስንጥብ ገብቶ፣ ሰውነቱ ከውሃው ባገኘው አየር እንዳይጠቀም ያግደዋል፤ ዓሣው ውሃ ውስጥ ሳለ ይታፈናል ማለት ነው። በሌሎች አገሮች የዓሣ ሊቃውንት ያልተፈለገ ዓሣ ከአንድ ኩሬ ፈጽመው ማጥፋት ሲፈልጉ የሚጠቀሙበት መድኃኒት ይኸው መሆኑ ነገሩን ይገልጠዋል፤ እነርሱ ፈጽሞ ለማጥፋት የሚወስዱትን ነገር የእኛ ሰው ለአንድ ቀን ራት ይወስደዋል። መርዙ ዓሣ ለይቶ አይገድልም። የዓሣው ምግብ የሆኑትን፣ በውሃ ውስጥ የሚተነፍሱትን የተባይ ልጆች አብሮ ስለሚገድል፣ ከሞት ያመለጠው ዓሣ ደግሞ ይራባል። ጥቂት ዘር በውሃ ላይ ምን ያህል እንደሚሠራ ለማወቅ የሚሻ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ያየውን ያስታውስ፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣው ሞቶ ተገኝቶ ነበር። ያ ምልከታ ለበሽታ መከላከያ ትልቅ ጥቅም አመጣ፤ በዓሣ ላይ ግን እንዶድም እንደ ብርብራ ጨካኝ ነው።

ጊዜው ደግሞ ክፉውን ያባብሰዋል። በከፋ ዝናብ የሚያንሰው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ወራት ነው። ያን ጊዜ ጅረቱ ይቀጥናል፤ ዓሣው በጥቂት ኩሬዎች ይሰበሰባል፤ መርዝም ውሃው ስለማያጥበው ይበረታል። ከዚያው ተከትሎ ሁዳዴ ይገባል፤ በጾም ዓሣ የሚበላ ሰው ብዙ በመሆኑም ገበያው ይደምቃል። ውሃው ሲያንስና ፈላጊው ሲበዛ አንድ ላይ ይገጥማሉ። ለወደፊቱ ወንዙን የሚሞላው ዘር ያለው በእነዚያ ጥቂት ኩሬዎች ብቻ ስለ ሆነ፣ አንድ ቅርጫት ብርብራ የሚገድለው የዘንድሮውን ዓሣ ብቻ ሳይሆን የመጪውንም ክረምት ነው።

ይህ ከንቱ ማስፈራሪያ እንዳይመስል የጣናን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። በጣና ሐይቅ በዓለም በሌላ ቦታ የማይገኙ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ወገኖች አሉ። ብዙዎቹ በክረምት እንደ ጉማራ ባሉት ወንዞች ሽቅብ ወጥተው በጠጠር ላይ ይወልዳሉ። ሰው ይህን ዐውቆ በወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘረጋ፤ በገባሮቹም ላይ ብርብራ ጣለ። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዐሥር ዓመታት ብቻ በወንዝ የሚወልደው ዓሣ ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል ወደቀ። ጣና ታላቅ ሐይቅ ነው፤ መሸሸጊያ ጥልቅ አለው። የከፋ ጅረት ግን ስፋቱ ሁለት እርምጃ ነው፤ መሸሸጊያውም አንድ ድንጋይ ነው።

«ድኻው ምን ይብላ? ብርብራ የአባቶቻችን ልማድ ነው» የሚል ክርክር መነሣቱ አይቀርም፤ ክርክሩም ሊናቅ አይገባውም። ዓሣ ለድኻ ቤት ሥጋ ነው። ነገር ግን ልማዱ በተጀመረ ጊዜ በወንዙ ዳር የነበረው ሕዝብ ጥቂት ነበር፤ ዛሬ ግን አንድ ኩሬ ከላይና ከታች የሚጠብቁት ብዙ አባወራዎች አሉ፤ አንዱ በመርዝ የወሰደውን የሌላው ልጅ ያጣዋል። ደግሞም መንጠቆና ሲባጎ ውድ ነገር አይደለም። መቀጫ የሚያስከፍል ሹም አስቀድሞ የመንጠቆ ጥቅል ከገበያ ያስመጣና ያሳይ፤ ከዚያ በኋላ ብርብራ ይዞ የተገኘውን ቢቀጣ ሕዝቡ ፍርዱን ይቀበለዋል። አለዚያ ግን በሬ አግዶ ሣር የከለከለ ይመስላል። ከብርብራው ይልቅ የሚያስፈራው ደግሞ ለሰብል የታደለው የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት ከወንዝ የተጣለ እንደ ሆነ ነው፤ ያንን ዓሣ የበላ ሰውና ያንን ውሃ የጠጣ ከብት በጤና አይውልም። መድኃኒቱን የሚያድለው የእርሻ ጽሕፈት ቤት ስለ ሆነ፣ ወዴት እንደ ሄደ መከታተሉም የእርሱው ሥራ ነው።

አሁን ደግሞ ለባለሥልጣኑ የማይጥም ነገር ይነሣል። ድኻውን በአንድ ቅርጫት ብርብራ የሚቀጣ ሹም፣ በዚያው ወንዝ ላይ የተተከለውን የእሸት ቡና መፈልፈያና ማጠቢያ ዝም ብሎ ሲያልፍ መገኘት የለበትም። ከጥቅምት ጀምሮ ቡናው ሲለቀም፣ ገለባውና የሚያዳልጠው ልፋጭ የሞላበት ማጠቢያ ውሃ ወደ ጅረቱ የተለቀቀ እንደ ሆነ፣ በውስጡ ያለው ስኳር ሲበሰብስ የውሃውን አየር ይጨርሰዋል፤ ውሃው ይጠቁራል፤ ይሸታል፤ ከብቱም አሽትቶ ይመለሳል። ዓሣው የሚሞተው በብርብራ እንደሚሞተው ታፍኖ ነው፤ ልዩነቱ ብርብራው የአንድ ቀን፣ የቡናው ውሃ ግን የወራት መሆኑ ነው። መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ማጠቢያው ከወንዙ ራቅ ብሎ ጉድጓድ ይቈፈርለታል፤ በጉድጓዱ በታች ቬቲቨር ሣር ይተከላል፤ ገለባው ተቈልሎ ማዳበሪያ ይሆናል። ሳይታጠብ በፀሐይ ደርቆ ጀንፈል የሚሆነው ቡናማ ለወንዙ ምንም ዕዳ የለውም። ጉድጓዱ ሳይቈፈር ለማጠቢያ ፈቃድ የሚፈርም እጅ፣ ብርብራ ከሚያሸው እጅ ይልቅ ብዙ ዓሣ ይገድላል።

ወደ ዱሩ ስንመለስ፣ በውሻ ወፍ ማደንም እንደ ላባ መንጠቆው ሁሉ ልክ ሲኖረው መልካም፣ ልክ ሲያጣ ጥፋት የሆነ ነገር ነው። በአውሮፓ ለዚህ ሥራ የሚራቡ ውሾች በየሙያቸው የተለዩ ናቸው። አንዱ የቆቁን ሽታ ባገኘ ጊዜ አይሮጥም፤ አፍንጫውን አቅንቶ፣ አንድ እግሩን አንሥቶ፣ እንደ ሐውልት ቀጥ ብሎ በመቆም ለጌታው ያመለክታል። ሌላው በቁጥቋጦ ገብቶ ወፊቱን ያስነሣል። ሦስተኛው የወደቀችውን ፈልጎ ጥርሱን ሳያሳርፍባት ያመጣል። የከፋ ገበሬ ውሻ እንዲህ ያለ ትምህርት የለውም፤ ሙያው ቤት መጠበቅና ዝንጀሮና ከርከሮ ከበቆሎው ማባረር ነው፤ በዚያም ሙያው ከማንም አያንስም። ነገር ግን ያልተማረውን ውሻ ለቆቅ አደን የለቀቀ ሰው፣ ቆቅ ሳይሆን የተቦጫጨቀ ላባ ይዞ ይገባል።

በዚህ ላይ በክርስቲያኑም በእስላሙም ዘንድ ያለው ሥርዓት ከማናቸውም የአደን ደንብ ይልቅ ይበረታል። ባርኮ ቢላዋ ያላሳረፈባት፣ ባልተማረ ውሻ አፍ የሞተች ወፍ በክት ናት፤ አትበላም። ስለዚህ በዚህ አገር ወፍ አደን ማለት ቆቂቱ ነፍሷ ሳይወጣ መድረስ ማለት ነው፤ ይህም ብዙ ተኩሶ ጥቂት የሚያነሣውን፣ አቍስሎም በዱር ጥሎ የሚሄደውን አዳኝ ያሳፍረዋል። የእንግሊዝ ውሻ አርቢዎች ስለ ለስላሳ አፍ ብዙ ይደክማሉ፤ እዚህ ደግሞ ለስላሳ አፍ ብቻ ሳይሆን ፈጣን እግርና የተሳለ ቢላዋ ያስፈልጋል።

ቆቅና ጅግራ ጎጆአቸውን የሚሠሩት በዛፍ ላይ ሳይሆን በሣር ውስጥ በመሬት ላይ ነው፤ የሚወልዱትም በአብዛኛው ዝናቡ ምድሩን ካለመለመ በኋላ ነው። በዚያ ወራት በሣር ውስጥ የሚሮጥ ውሻ እናቲቱን ቢስታት እንኳ እንቁላሉን ይሰብራል፤ ጫጩቱን ይበላል። እንግሊዞች ይህን ስላወቁ እ.ኤ.አ. በ1831 ባወጡት ሕግ ከየካቲት 1 እስከ መስከረም 1 በአውሮፓ አቆጣጠር ቆቅ እንዳይገደል ከለከሉ፤ ባለ ርስቱም ቢሆን በገዛ መሬቱ ላይ ይህን ሕግ ይጠብቃል። የከፋ ወራት ከእንግሊዝ ወራት የተለየ ስለ ሆነ ቀኑን መቅዳት አይገባም፤ የሚቀዳው አሳቡ ነው። ቀኑንማ በየቀበሌው ቆቂቱ ጫጩት አስከትላ የምትታይበትን ወር ከእረኞች ጠይቆ መወሰን ይቻላል። ጅግራ የተዘራ እህል ትቈፍራለች የሚል የገበሬ አቤቱታ መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ያችው ጅግራ ተባዩንና የአረሙን ሥር ስትለቅም ትውላለችና ሒሳቧ በሁለት ወገን ይቈጠርላት።

የውሻ ነገር ሲነሣ አንድ ትልቅ አደጋ ተሸፍኖ መቅረት የለበትም። በባሌ ከሰው ጋር የሚኖረው ውሻ ያመጣው የእብድ ውሻ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1991፣ ከዚያም በ2003 ተነሥቶ፣ በዓለም ላይ 500 ያህል ብቻ የቀሩትን ቀይ ቀበሮዎች ፈጅቶአል። በከፋ ቀይ ቀበሮ የለም፤ ነገር ግን በደኑ አንበሳ አለ፤ ሰውም አለ። ስለዚህ ያልተከተበ ውሻ ወደ ደን ለአደን የሚገባበት ምክንያት የለም፤ የውጭ እንግዳ ይዞት የመጣው ባለ ዘር ውሻም ቢሆን ከዚህ ደንብ አይወጣም። እንደ አለምጎኖ ወዳለው ረግረግ ግን የተከተበም ሆነ ያልተከተበ ውሻ ጨርሶ ባይገባ ይሻላል። በዚያ ከጉሮሮዋ ሁለት ሥጋ የሚንጠለጠልባት፣ ረጅም እግር ያላት ነጭና ግራጫ ወፍ ትኖራለች፤ በመላው አፍሪካ ቁጥሯ እየተመናመነ የሄደ፣ ጫጩቷንም እጅግ ጥቂት አድርጋ የምታሳድግ ናት። የጥብቅ ሥፍራው እምብርት የሆነው ደንም ለጠመንጃም ለውሻም የተከለከለ ይሁን።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕጉ ከጥንት አለ። የዱር አራዊት አደን በአዋጅ ቁጥር 61 እ.ኤ.አ. በ1944 ተደንግጎ ነበር፤ ከዚያም በኋላ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 በ1999 ዓ.ም.፣ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ደግሞ በ1995 ዓ.ም. ወጥተዋል። ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው። ነገር ግን ፈቃድ የሚባለው ወረቀት በከተማ የሚሰጥ ነው፤ ብርብራውና አሽክላው ያሉት በፈፋው ውስጥ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው የወረዳው ሹም ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ፍርድ የሚያስፈልገው ከባድ ነገር አለ። በከፋ ከማንም ይልቅ ዱሩን የሚያውቁ መንጆዎች ናቸው። ከጥንት ጀምሮ በአደን የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ያደኑትን በመብላታቸውም ጎረቤት ሲንቃቸው፣ ከማዕድና ከጋብቻ ሲያርቃቸው ኖሮአል። አደኑ ሲከለከልባቸውም ብዙዎቹ እንጨትና ከሰል ወደ መሸጥ ተመለሱ፤ ይህም ለደኑ የበጀ አይደለም። አሁን እንግዳው የወፍ ጠመንጃና ባለ ዘር ውሻ ይዞ ሲመጣ ጨዋ አዳኝ ተብሎ ቢከበር፣ ቆቂቱ የምታድርበትን ዛፍ ሁሉ በስም የሚያውቀው መንጆ ግን ሕገ ወጥ ተብሎ ቢታሰር፣ ይህ አድልዎ እንጂ ሥርዓት አይባልም። ልክ የሚወጣለት ለሰውየው ማዕርግ ሳይሆን ለሚወስደው ነገርና ለሚያስቀረው ነገር ነው። መንገድ መሪ፣ የወንዝ ጠባቂ፣ የቆቅ ቈጣሪ ሲያስፈልግ አስቀድሞ የሚቀጠረው ይህ ሰው ይሁን፤ ደመወዙም እንደ ሌላው ሠራተኛ በዕለቱ ይከፈለው፤ ከእንግዳው ጋርም በአንድ ማዕድ ይቅረብ። አንድ የወረዳ ሹም ራሱ ቀድሞ ቢቀመጥበት፣ ሌላው መቀመጡ አይቀርም።

ጠባቂ ማቆም ለከፋ ባዕድ ነገር አይደለም። ኮቦ በሚባለው ያገሩ ሥርዓት፣ እያንዳንዱ የደን ክፍል ቀፎ የሚሰቅልበት የታወቀ ሰው ነበረው፤ ሌላው ሰው በዚያ ያለ ፈቃዱ ቀፎ አይሰቅልም ነበር። በዛፍ ላይ ላለ ማር የቆመ ሥርዓት ከዛፉ ሥር ለሚፈስ ውሃ የማይሆንበት ምክንያት አይታይም። በቦንጋ ዙሪያ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ደኑን ለሕዝብ ማኅበር አስረክቦ በጋራ ማስጠበቅ ተሞክሮአል። እንዲሁ ደግሞ ኩሬ ለኩሬ ጠባቂ ተለይቶለት፣ በላዩ የሚኖሩት አባወራዎች በመንጠቆ የማጥመድ መብት ቢሰጣቸው፣ ብርብራ የሚያሸው ሰው ከሩቅ ሹም ጋር ሳይሆን ከቅርብ ጎረቤቱ ጋር ይጋጠማል። እንግዳ አጥማጅ ሲመጣ የሚከፍለውም ገንዘብ በመጀመሪያ ለዚያው ኩሬ ጠባቂዎች ይድረስ፤ ወደ ከተማ ወጥቶ የሚመለስ ገንዘብ መንገድ ላይ እንደሚያንስ ሁሉም ያውቀዋል።

ከሁሉም በፊት የሚቀድመው የወራት ነገር ነው። የእሸት ቡና ማጠቢያዎች ጉድጓድ መቈፈሩ የሚመረመረው ከመስከረም ሳይወጣ ነው፤ ከጥቅምት በኋላ ቢመረመር ውሃው ተበላሽቶ ይቈያል። የብርብራ ክልከላ ደግሞ በየገበያውና በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱም ደጃፍ የሚነገረው በታኅሣሥ ነው፤ ሁዳዴ ከገባ በኋላ የሚነገር ቃል ኩሬው ከታሸ በኋላ ይደርሳል። መንጠቆውም በዚያው ወር ከቦንጋ ገበያ ይገኝ ዘንድ ነጋዴዎቹ አስቀድመው ይጠየቁ። የክትባቱ ቀን፣ የውሻው ስምና የባለቤቱ ስም በቀበሌው መዝገብ ይጻፍ፤ ያልተጻፈ ውሻ በጎጆ መሥሪያ ወራት በሣር ውስጥ የተገኘ እንደ ሆነ ባለቤቱ ይጠየቅበት።